ካምቢዮው ዘይት ሲያንጠባጥብ

ቆቦ ላይ አሮጌ ላንድክሩዘር የሚነዳ ሰው ጠዋት መኪናውን ካደረበት ሲያንቀሳቅስ ዞር ብሎ መሬቱን ያያል። ጥቁር ጠብታ ካየ "ካምቢዮው ነው" ይልና ፓራኦሊዮ ፍለጋ ይወጣል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ በጋ የኋላውን ፓራኦሊዮ ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘይቱ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ለካ ፓራኦሊዮው ምንም አልሆነም፤ ከካምቢዮው ጀርባ የተያያዘው ትራንስፈር የሚተነፍስበት ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኖ ኖሯል።

ስለዚህ ከመተንፈሻው ጀምሩ። ካምቢዮ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መውጫ ካጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮው ከንፈር በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ከቆቦ ሜዳ ወደ ዞብል ተራራ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲታገል የዋለ መኪና እንዴት እንደሚግል ነጂው ያውቀዋል። በጋ አቧራው፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ደለል ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መተንፈሻው ከላይ በኩል ነው፤ ትንሽ ቆብ ወይም ቀጭን ጎማ አለው። ፍቱት፣ በናፍታ እጠቡት፣ በአፋችሁ ንፉበት። አየር ካላለፈ ቀይሩት። ወንዝ የምታቋርጡ ከሆነ ጎማውን አስረዝማችሁ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የጋለ ካምቢዮ ድንገት ጎርፍ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባገኘው ክፍተት ውኃ ይስባል። ዘይቱ ስታወጡት ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይቀየር።

መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖም ካንጠባጠበ ምንጩን ፈልጉ። የራያ አቧራ ዘይት ላይ ተለጥፎ የመኪናውን ሆድ በሙሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ስለሚያደርገው እንዲሁ በማየት አይገኝም። ካምቢዮውንና ትራንስፈሩን በናፍታና በብሩሽ አጥባችሁ አድርቁ፤ ከዚያ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ሃያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ስትመለሱ ዘይቱ ነጩ ላይ መስመር ሠርቶ ታገኙታላችሁ። የምትፈልጉት ከፍ ብሎ የራሰውን ቦታ ነው፤ ንፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው የሚንጠባጠብበት ቦታ ያታልላል።

ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ቤት ሥር ከሆነ ጣታችሁን አስነክታችሁ አሽትቱ። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። ቀጠን ያለ ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ካምቢዮውን በከንቱ አታውርዱ። ከማፍሰሻው ቡሎን ከሆነ ቀለበቷን መቀየር ይበቃል። ከክዳን ጠርዝ ከሆነ መጀመሪያ ቡሎኖቹን አጥብቁ፤ እንቢ ካለ ጓርኒሲዮኑን ቀይሩ። ከውጭ ሲሊኮን መቀባት የትም አያደርስም፤ ዘይት የነካው ብረት ላይ አይዝም።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ካምቢዮው ይጮኻል፣ ዘይቱ ሲለካ ጎድሏል፣ መሬት ላይ ግን ጠብ ያለ የለም። እንዲህ ያለው መኪና ሥር ገብቼ የትራንስፈሩን መሙያ ቡሎን ስፈታ ዘይቱ እስከ ክርኔ ወረደብኝ። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ፓራኦሊዮ ሲበላ የአንዱ ዘይት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በአሮጌ ላንድክሩዘር የታወቀ በሽታ ነው። ይህ ትራንስፈሩን ማውረድ ስለሚጠይቅ የደጅ ሥራ አይደለም። ጋራዥ እስኪገባ ድረስ ከትራንስፈሩ የተረፈውን አውጥታችሁ ካምቢዮውን ሙሉ፣ በየሳምንቱም ሁለቱንም ለኩ።

የሚያንጠባጥበው የትራንስፈሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ከሆነ ግን እቤት ይሠራል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ዋልካ አፈር ክሪክ ስለሚውጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርጉ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ። አራቱንም ጎማ በድንጋይ ደግፉ። የኋላው ሻፍት ሲፈታ ማርሽ ማስገባት መኪናውን ላይዘው ይችላል። በአንዳንድ አሮጌ ሞዴል የእጅ ፍሬኑም እዚያው ትራንስፈሩ ላይ ስለሆነ እሱም አያድናችሁም። ዘይት የጠጣ ፍሬን ሸራ ካገኛችሁ ቀይሩት።

ሻፍቱን ከመፍታታችሁ በፊት ከፍላንጁ ጋር በቀለም አንድ መስመር አስምሩበት፤ ቦታው ከተዛባ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። የማፍሰሻውን አስቀድማችሁ ዘይቱን ካወጣችሁና መሙያው ዝጎ እንቢ ካለ፣ ባዶ ትራንስፈር ይዛችሁ ቆማችሁ ቀራችሁ። መሙያው መፈታቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ዘይቱን አውጡ። ሻፍቱን ፍቱት። የፍላንጁ የመካከል ትልቅ ዳዶ ጠርዙ ተቀጥቅጦ የታጠፈ ነው፤ እሱን አቅንታችሁ በረጅም እጀታ ፍቱ።

ፍላንጁ ሲወጣ የፓራኦሊዮው ከንፈር የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለው አዲስ ፓራኦሊዮም አያቆመውም፤ ወይ ፍላንጁን ቀይሩ፣ ወይ አዲሱን በአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ አስቀርታችሁ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። አሮጌውን በካቻቪቴ ስታወጡ መቀመጫውን አትጫሩት፤ አንዲት ጭረት ራሷ ታፈሳለች። አሮጌውንም አትጣሉት፤ ፊቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ ስፋት፣ የውጩ ስፋትና ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተጽፏል። ወልድያም ሆነ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ስትልኩ ያንን አስይዙት፤ "የላንድክሩዘር የኋላ ፓራኦሊዮ" ብሎ የሄደ ብዙ ጊዜ የማይገጥም ይዞ ይመለሳል።

የአዲሱን ከንፈር ግሪስ ቀቡ፤ ደረቅ ከንፈር በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል። እኩል ስፋት ያለው የቧንቧ ቁራጭ አስደግፋችሁ በዙሪያው ቀስ እያላችሁ ምቱት፤ በአንድ ጎን ከዘመመ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ፍላንጁን መልሳችሁ ዳዶውን አጥብቁ፣ ጠርዙን እንደገና እጠፉት። ሻፍቱን በመስመሩ ግጠሙ። 90 ቁጥር ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ እስኪጀምር ሙሉ፤ ከዚያ በላይ ማስገባት በራሱ ማንጠባጠብ ያመጣል።

እንደገና ፓውደር ነስንሱና ሮቢት ደርሳችሁ ተመለሱ። ነጩ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ሥራው አልቋል። የወጣውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን ሰብስቡት እንጂ ወደ ቦይ አትድፉት፤ በቆቦ ሜዳ ከጉድጓድ በሚወጣ ውኃ የሚለማ መስኖ አለ።