በራስና በአንገት አጠገብ ስለሚደረግ የኤሌክትሪክ ማስታገሻ መሣሪያ

በጎረቤላ ዳገትና ቁልቁለት ሸክም ይዞ የሚመላለስ ገበያተኛ፥ ደብተር ሲያርም ያመሸ መምህርም፥ ማጅራቱን ማመሙ የተለመደ ነው። ለዚህ ዐይነቱ ሕመም ቴንስ የሚባል፥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ። በቆዳ ላይ ከሚለጠፉት ሁለት ቁራጮች የሚወጣው ቀላል ኀይል የመዳሰስ ነርቮችን ይቀሰቅሳል፤ እነዚህም የሕመሙ ስሜት ወደ አንጎል እንዳያልፍ ያዳክሙታል። እንግዲህ መሣሪያው ሕመምን ያስታግሣል እንጂ የሕመሙን ምክንያት አያድንም።

በኤሌክትሪክ መታከም ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፥ እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት በሚያደነዝዝ ዓሣ ይታከም እንደ ነበር ጽፏል። ሆኖም ይህ ኀይል ቦታውንና ልኩን ከሳተ ይጎዳል። በአንገት ፊት በግራና በቀኝ፥ የደም ሥር በሚመታበት ስፍራ፥ የደምን ግፊት የሚቈጣጠሩ ነርቮች አሉ። እነዚህ ሲነኩ የልብ ምት ሊዘገይ፥ ግፊቱ ሊወርድ፥ ሰውየውም ራሱን ሊስት ይችላል። የጉሮሮ ጡንቻ ከተኰማተረም መተንፈስ ያስቸግራል።

ስለዚህ የሚከተለውን መጠበቅ ይገባል።

1ኛ/ በአንገት ፊትና ጎን፥ በዐይን ላይ፥ በአፍ ውስጥ አይደረግ፤ ጭንቅላትን አቋርጦ እንዲያልፍም በግራና በቀኝ አይለጠፍ።

2ኛ/ በማጅራት ላይ የሚደረገው የጤና ባለሙያ ስፍራውን ካሳየ በኋላ፥ ከዝቅተኛው ኀይል በመጀመር ነው።

3ኛ/ የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው አይጠቀም። የሚጥል በሽታ ያለበትና ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

4ኛ/ ሲለጠፍም ሲነሣም መሣሪያው የተዘጋ ይሁን። በቈሰለ ቆዳ ላይ፥ በመታጠቢያ፥ በመኝታ፥ መኪና በመንዳት ጊዜ አይደረግ። ተለጣፊውንም ሰው ከሰው አይዋዋስ።

5ኛ/ ለራስ ምታት ተብለው ለግንባር የተሠሩ ልዩ መሣሪያዎች በሐኪም ምክር ይደረጋሉ፤ ተራውን ቴንስ በነርሱ ምትክ ማድረግ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ይህ አይዘንጋ። አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። ማጅራት ከመገተሩ ጋር ትኩሳት፥ ብርቱ ራስ ምታት፥ ማስታወክ ወይም መቃዠት ካለ፥ ይህ የሸክም ድካም አይደለም። ሕመሙን በመሣሪያ እያደነዘዙ ጥቂት ሰዓት መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል፤ በሽተኛው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው፥ በእነርሱም በኩል ለወላጆች እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።