ጎንበስ ከማለትህ በፊት

ቆይ፣ ወንድሜ፣ አትምታ። ከጀርባህ ቆሜ እያየሁህ ነው። ዓይንህን የተከልከው ነጯ ኳስ ቢጫዋን በምትነካበት ነጥብ ላይ ነው። የነጯን መሃል ወደዚያች ነጥብ ከላክኸው ጎኗ ቀድሞ ይደርስና ቢጫዋን ከሚገባው በላይ ሞልተህ ትመታታለህ።

መጀመሪያ ቆመህ እይ። ከቢጫዋ ጀርባ፣ በቀዳዳው መስመር ላይ፣ ሌላ ኳስ ተጠግታ እንዳለች ቁጠር። የነጯ መሃል መሄድ ያለበት ወደዚያች የሌለች ኳስ መሃል ነው። መደበኛ የፑል ኳስ ስፋቷ 57 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ ስለዚህ የምታነጣጥርበት ቦታ ከመነካኪያው ነጥብ የዚያን ግማሽ ያህል ወደ ኋላ ይርቃል።

የቶጎ ውጫሌው ጓደኛህ በስልኩ ያሳየህን «ከመሃል ወደ ጠርዝ» የሚሉትን የአሜሪካኖች ዘዴ አልንቅም። ጂኦሜትሪ አያስፈልግም ሲልህ ግን አትመነው። የነጯን መሃል በቢጫዋ ጠርዝ ትይዩ ብትልከው ቢጫዋ 30 ዲግሪ ታጥፋ ትሄዳለች፤ እዚህ ላይ ዓይንም ስሌትም ይስማማሉ። ከዚያ ውጭ የዘዴው ጥቂት መስመሮች የጠረጴዛውን ማዕዘን ሁሉ አይሸፍኑም። ጉድለቱን የሚሞላው የሠለጠነ ዓይን ነው፣ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ዘዴው። አጎታችን ከረንቡላን ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ ነው የተጫወተው፤ ያ ዓይን ስንት ዓመት እንደፈጀበት እስቲ ጠይቀው።

ደግሞ ጅጅጋ ነው ያለኸው። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይገባል፣ አቧራ የያዙ ኳሶች ሲነካኩ ይያያዛሉ። ቢጫዋ ነጯ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ትጎተትና ሞልተህ የመታሃት ይመስል ቀዳዳውን ትስታለች። ቀስ ብለህ ስትመታ ይብሳል። ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ እንኳ በ1835 እ.ኤ.አ. የቢሊያርድን ሒሳብ በመጽሐፍ ሲያሳትም ሰበቃን ከስሌቱ አልጣለም። እንግዲህ ኳሶቹን ጥረጋቸው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ቢጫዋን ትንሽ ቀጠን አድርገህ አነጣጥር። ነጯም ጠፍታ በሌላ የተተካች ከሆነች ከቢጫዋ ጋር አስተያያት፣ ካነሰች የለመድከው መስመር ሁሉ ይዛባል።

ስሌቱን ቆመህ ጨርስ። ጎንበስ ካልክ በኋላ ከተጠራጠርክ እዚያው ዘንጉን እያወዛወዝክ አታስተካክል፣ ተነሥና እንደገና ጀምር። ከቀብሪ በያህ የመጡት ልጆች ተራ እየጠበቁ ቢያጉረመርሙም ግድ የለም፤ የዚህን ጨዋታ ክፍያ የያዝኩት እኔ ነኝ።