በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር፦ ከሩቅ እንዴት እንገባበታለን?

ጎንደር ውስጥ ዊንዶውስ የተጫነበት አንድ ሰርቨር አለ እንበል። በውስጡ ደግሞ ሊነክስ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ተዘጋጅቷል። በታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሳንጃ የሚኖር ተማሪ፣ በእጁ ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ያንን ሊነክስ ሊለማመድበት ይችላልን? ይችላል፤ ሁለት ጥያቄዎችን ግን አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል።

ቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒዩተር ነው። ዋናውን ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ ያለውን ደግሞ እንግዳ ብለን እንጥራቸው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የአይ.ቢ.ኤም. ባለሙያዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር በዚህ ዘዴ ለብዙ ተጠቃሚዎች አከፋፍለውታል።

1. እንግዳው የት ይገኛል?

እንግዳው የራሱ የኔትወርክ አድራሻ አለው። ለምሳሌ ቨርቹዋልቦክስ በተለመደው አሠራሩ 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ይሰጠዋል። ይህ አድራሻ ግን ከአስተናጋጁ ውጭ አይታወቅም። በመሆኑም በአስተናጋጁ ላይ አንድ ፖርት ከፍተን፣ በዚያ የሚገባው መልእክት ወደ እንግዳው 22ኛ ፖርት እንዲተላለፍ እናደርጋለን። ይህም በኔትወርኩ አስተዳዳሪ ፈቃድ የሚፈጸም ነው።

2. በመስመሩ ላይ ምን ይጓዛል?

ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢለያዩም፣ በአንድ ፕሮቶኮል ከተግባቡ ልዩነቱ አያግዳቸውም። ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለው ፕሮቶኮል የምንጽፈውን ትእዛዝና መልሱን በምስጢር ጽሑፍ ለውጦ ያመላልሳል። ቪ.ኤን.ሲ. ደግሞ የስክሪኑን ምስል ይልካል። ስፋቱ 1024 በ768 ነጥብ የሆነ ስክሪን፣ ለአንድ ነጥብ 24 ቢት ሲሰላ፣ ወደ 18.9 ሚሊዮን ቢት ይይዛል። ይህ ምስል ሳይታመቅ በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ መስመር ቢላክ 147 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ቪ.ኤን.ሲ. ምስሉን አምቆ፣ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ቢልክም ሸክሙ ከጽሑፍ እጅግ ይበልጣል።

ርቀትም የራሱ ድርሻ አለው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወረዳ ኔት ፕሮጀክት በርካታ ወረዳዎችን ያገናኘው በሳተላይት ነበር። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት በኩል መልእክት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ስለዚህ መስመሩ ቀጭን በሆነበት ስፍራ ኤስ.ኤስ.ኤች. ይመረጣል። ምስል የግድ ካስፈለገም የቪ.ኤን.ሲ.ን ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት ከመተው ይልቅ በኤስ.ኤስ.ኤች. ውስጥ አሳልፎ መላክ ከሰርጎ ገቦች ይጠብቃል።

መልመጃ፦ መስመሩ በሰከንድ 512 ኪሎቢት ቢያስተላልፍ ከላይ የተጠቀሰው ምስል በስንት ሰከንድ ይደርሳል?

(መልስ፦ 37 ሰከንድ ያህል)