ሐኪሙ «እንጠብቅ» ካለህ በኋላ

እስቲ ተቀመጥ። ስልኩንም አስቀምጠው፤ ከትናንት ጀምሮ እሱ ላይ ያነበብከው ነገር ፊትህን ከማገርጣት በቀር የፈየደልህ የለም። የሚስትህ ደም ግፊት 150 በ100 ሆነ፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ፣ ሐኪሙም «እንጠብቅና እንይ» አለ። አንተን ያንገበገበህ ይኼ የመጨረሻው ነው። «ይህን ሁሉ ተምሮ እንዴት አላውቅም ይላል?» እያልክ መንገዱን ሙሉ ስትነጫነጭ እንደመጣህ እሷው ነግራኛለች።

አላውቅም አላለህም። ይህ የእርግዝና ግፊት ሕመም የሚነሳው ከእንግዴ ልጁ ነው፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይመጣል፣ መፍትሔውም መውለድ ብቻ ነው። የታዘዘላት ሜቲልዶፓ ግፊቱ አሻቅቦ አንጎሏ ውስጥ ደም እንዳይፈስ ይከላከልላታል እንጂ በሽታውን አይነቅለውም። ስለዚህ ሐኪሙ በየቀኑ ይመዝናል። ልጁ ማህፀን ውስጥ በቆየ ቁጥር ሳንባው ይጠነክራል፤ እናቲቱ እርጉዝ ሆና በቆየች ቁጥር ደግሞ አደጋው ይጠጋታል። 37 ሳምንት ከሞላት ማንም አይጠብቅም፣ ያስወልዷታል። 34 አልፎ የከፋ ምልክት ከታየም አይጠብቁም። በሁለቱ መካከል፣ ግፊቷ ከ160 በ110 በታች እስከሆነ ድረስ፣ ደሟና ሽንቷ እየተመረመረ፣ የልጁ የልብ ምት እየተደመጠ ይቆያል። መጠበቅ ማለት ይኼ ነው፤ ቤት ገብቶ መተኛት አይደለም።

አንደኛው አልትራሳውንድ 36 ሳምንት፣ ሌላኛው 34 ማለቱ ደግሞ አንዱን ሐኪም ውሸታም አያደርገውም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ ቢሳሳት በሳምንት ያህል ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተነሳ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ወዲያ ወይም ወዲህ ሊል ይችላል፤ ያኔ ልጆች እኩል አያድጉማ። እናንተ ደግሞ መጀመሪያ የሄዳችሁት ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው፤ የመጨረሻ የወር አበባዋንም ቀን በትክክል አታስታውሰውም። ክብደቱም እንዲሁ ነው። «2 ኪሎ ከ200» ቢሉህ ከ10 እስከ 15 በመቶ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ማሽኑ ያላየውን ቀን ከሐኪሙ አፍ ጎትተህ ልታወጣ አትሞክር። ይልቅ እንዲህ ብለህ ጠይቀው፤ «ምን ምልክት ብናይ እንምጣ? መቼ ተመልሰን እንለካ? ሐሳብህን የሚያስቀይርህ ምንድን ነው?» ለእነዚህ መልስ አለው።

አሁን ወደ አንተ ሥራ ልምጣ። ሰሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ እናቶች የሚሞቱባቸውን መዘግየቶች በሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ለመሄድ ሲወሰን ያለው ነው፣ ሁለተኛው መንገዱ፣ ሦስተኛው ደግሞ ደርሶ ሕክምና እስኪገኝ ያለው። ሦስተኛው የሐኪሞቹና የመንግሥት ዕዳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ቤት ውስጥ ናቸው፤ ከአንተ፣ ከእማዬና ከአማትህ መካከል። ማዋለጃ ክፍል በሠራሁበት ዘመን ጭንቅላቷን ይዛ የመጣች እርጉዝ «ከመቼ ጀምሮ?» ስትባል ከአጠገቧ ያለው ወንድ አቀርቅሮ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም፤ እስኪነጋ ወይም በሬ እስኪሸጥ ሲጠብቅ ነው።

እማዬ «እኔ ሁላችሁንም እዚሁ ምድጃ ዳር ወልጄ የለም ወይ?» ማለቷ አይቀርም። እውነቷን ነው። ግን የእሷ ግፊት አልጨመረም፤ ቢጨምርም የሚለካላት አልነበረም። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል፤ በ2016ቱ ጥናት 412 ሆኗል። የቀነሰው ሴቶቻችን ስለጠነከሩ አይመስለኝም። እናታችንን አትከራከራት። «እሺ እማዬ» በልና መኪናውን ጥራ።

ምልክቶቹን በቃልህ ያዝ፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይኗ ላይ ብዥ ማለት ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ነገር፣ ከደረቷ በታች በተለይ በቀኝ በኩል የሚያስጨንቅ ሕመም፣ ፊቷና እጇ ድንገት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደም መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። አንዱ ከታየ በዚያው ሰዓት ተነሱ። እዚህ ላይ ነው እኛ ሰዎች የምንጠፋው፤ ራስ ምታቱን «ምች ነው» እንላለን፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ዳማከሴን አልጠላም፣ ጓሮዬም አለ፤ ግፊት ላለባት እርጉዝ ግን ራስ ምታት ምች አይደለም። ግፊቱ አሻቅቦ ብትንቀጠቀጥ ክብሪት ጭሮ ማሽተት የለም፣ አፏ ውስጥ ማንኪያ መክተት የለም። በግራ ጎኗ አስተኛት፣ ዙሪያዋን ከሚመታት ነገር አጽዳ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና። ጠበሉንና ጸሎቱን ማንም አይከለክልህም፤ አንተ መንገድ ላይ ሆነህ እማዬ ቤት ሆና ማርያምን ትለምን።

ለዚህ መንቀጥቀጥ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ። በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው መርፌው የመንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ርካሽ መድኃኒት ነው። ሆስፒታል ከመድረሳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ካገኛችሁ የመጀመሪያውን ዙር እዚያው መስጠት ይችሉ እንደሆን ጠይቅ።

ወደ አማትህ እንምጣ፤ ከባዱ ክፍል እሱ ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ብላ ጭላሎ ግርጌ ወዳለው ቤቷ ልትወስዳት ተዘጋጅታለች። ገንፎውም ቅቤውም ተሰናድቷል። ቅር እንዳታሰኛት እፈራለሁ፤ ደግሞም ደግ ሴት ናት። ግን ያ ቤት ከመንገድ በእግር ነው፤ ዝናብ የጣለ እንደሆነ የአርሲን ጭቃ ታውቀዋለህ፣ አምቡላንስ ቀርቶ ትራክተር የሚያስቆም ነው። ሚስትህ ከነገ ጀምሮ እዚህ አሰላ እኔ ጋ ትሁን። የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ከዚህ በባጃጅ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም ደሙም የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉም እዚያ አለ። አማትህም ገንፎዋን ይዛ እኔው ዘንድ ትምጣ፤ አልጋዬን እለቅላታለሁ። እዚህ ዘመድ የሌለህ ሰው ብትሆን ኖሮ የእናቶች ማቆያ ነበር የምልህ። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል፤ ሩቅ ያለች እርጉዝ ቀኗ ሲደርስ ሄዳ ደጃፉ ላይ የምትጠብቅበት ቤት ነው። ሐሳቡ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ገንዘብ። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም በነጻ ነው፤ ይሁን እንጂ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ የአስታማሚ ምግብና የመኪና ኪራይ ይኖራል። ገብሱ እስኪሸጥ አትጠብቅ፣ ከእድር ወይም ከእኔ ውሰድ። ደምም ያስፈልግ ይሆናል። አንተና ሁለት ጓደኞችህ ነገውኑ ሄዳችሁ ለግሱ፤ የምትለግሱት ለሌላ ሴትም ቢደርስ ምን ይጎዳል? ያን ጊዜ የደም ዓይነትህንም ትለያለህ። እሷ ኔጌቲቭ፣ አንተ ፖዘቲቭ ከሆናችሁ ሾተላይ የሚሉትን ለመከላከል ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወጋ መርፌ አለ። እንደ ልብ ስለማይገኝ አስቀድመህ መፈለግ ይኖርብሃል።

አንድ ነገር ፈርተህ አልጠየቅከኝም፤ ዓይንህ ላይ ግን አይቼዋለሁ። «እናቲቱን ወይስ ልጁን?» ብለው ቢጠይቁኝስ ብለህ ነው ሌሊቱን የማትተኛው። ይኼ የፊልም ጥያቄ ነው። በዚህ ሕመም ልጁ መውጣቱ ራሱ እናቲቱን የሚያድናት ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። የሚጠይቁህ ፊርማ ነው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ የምትፈርመው እሷ ናት፤ ገላው የእሷ ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና «በኦፕራሲዮን ይሁን ቢሉ ምን ትያለሽ?» በላት። ራሷን ስታ ብትሆን ሐሳቧን የምትናገርላት አንተ ነህ፤ ሳታውቀው ምን ትናገራለህ? ደግሞ ግፊቷን ከእሷ አትደብቅ። «እንዳትደነግጥ» ብለህ ውጤቱን ኪስህ ብትከተው ራስ ምታቷን እሷም ትደብቅሃለች።

ልጁ ትንሽ ሆኖ ከተወለደ አትሸማቀቅ። በአምስት አገሮች ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከ800 ገደማ የሚመዝኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ወዲያው ገላ ለገላ ደረት ላይ ሲታቀፉ የሚሞቱት በሩብ ቀንሰዋል። እናቲቱ መነሳት ካልቻለች የአባት ደረትም ያሞቃል። በአሰላ ብርድ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ሸሚዝህን አውልቀህ ልጁን አቅፈህ ጋቢ ስትደርብበት የሚስቅብህ ወንድ ቢኖር ወደ እኔ ላከው።

መውለድ ማብቂያው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ጣራ የሚነካው ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ነው፤ መንቀጥቀጡም ከወለደች በኋላ ሊመጣ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለእንዳንተ ላለ የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚሰጠው የአባትነት ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። አየህ? ሕጉ ሥራ ግባ የሚልህ ልክ ግፊቷ በሚያሻቅብበት ጊዜ ነው። ማን እንዳሰላው አላውቅም፤ አራስ ቤት የዋለ ሰው ግን አይመስለኝም። ዛሬውኑ አለቃህ ጋ ገብተህ የዓመት ፈቃድህን ከላዩ ቀጥልበት፤ ምክንያቱን በግልጽ ንገረው። ቤት ስትውልም የምትውለው ለመለካት፣ ኪኒኗን በሰዓቱ ለመስጠት፣ እንቅልፍ እንድታገኝ እንግዳውን በር ላይ ለማስመለስ ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል የመጣ ሁሉ ቡና ጠጥቶ እስኪሄድ አራስ አትተኛም። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች አራሷን ያስቸገረ ባል ላይ ሲንቄ የሚሉትን በትራቸውን ይዘው እንደሚወጡበት ታውቃለህ። እኔ ሲንቄ የለኝም፣ ጎረቤቶቼ ግን አላቸው።

በል ተነስ። ለአማትህ አንተው ደውልላት፣ ከእኔ ስትሰማው ትቀየማለች። የክትትል ካርዷን፣ ሁለት ነጠላ፣ የልጁን ልብስና ሳሙና በአንድ ፌስታል አድርገህ ነገ ጠዋት አምጣቸው፤ ሚስትህንም ከእነሱ ጋር። የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ለእኔም ላክልኝ።