ነጩ ድንጋይና አዲሱ ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ቅዱስ ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት በግዞት ሳለ ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት እንዲጽፍ ከታዘዛቸው መልእክታት ሦስተኛው ለጴርጋሞን የተላከው ነው (ራእ. 2፥12-17)። የጴርጋሞን ፍርስራሽ ዛሬ በምዕራብ ቱርክ፥ በርጋማ በምትባል ከተማ ይገኛል። በመልእክቱ ፍጻሜ ጌታ ድል ለሚነሣው የተሰወረውን መናና ነጭ ድንጋይ እንደሚሰጠው፥ በድንጋዩም ላይ ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያውቀው አዲስ ስም እንደሚጻፍ ተስፋ ሰጥቷል። እንጀራ ለሚለምነው ልጁ ድንጋይ የሚሰጥ አባት እንደሌለ ያስተማረ ጌታ፥ ስለ ምን ለወዳጆቹ ድንጋይ ይሰጣል?

ሀ. የፍርድ ድንጋይ

በግሪኩ ንባብ ቃሉ «ፕሴፎስ» ነው፤ ይኸውም ትንሽ ጠጠር ማለት ነው። በጥንቱ ዘመን ዳኞች ድምፅ የሚሰጡት በጠጠር ነበር። ነጩ ተከሳሹን ነጻ ሲያወጣ፥ ጥቁሩ ይፈርድበት እንደ ነበር ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ጽፏል። ይህ ቃል በሐዲስ ኪዳን ከዚህ ሌላ የሚገኘው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ቆሞ፥ ቅዱሳን ሲገደሉ ድምፁን ይሰጥባቸው እንደ ነበር ሲናዘዝ የጠራው ያንኑ ጠጠር ነው (ሐዋ. 26፥10)። እንግዲህ ምእመናንን ለሞት አሳልፎ የሰጠው ጠጠር፥ በእውነተኛው ዳኛ እጅ ነጽቶ ይመለሳል። በጴርጋሞን የተገደለው አንቲጳስ በሰዎች ዘንድ የተጣለ ቢመስልም፥ ክርስቶስ ታማኝ ምስክሬ ብሎ ጠርቶታልና።

ለ. የማዕድ ድንጋይ

በዚያች ከተማ ለጣዖት የተሠዋውን የሚበሉ፥ የበለዓምንም ትምህርት የሚከተሉ ነበሩ። ከዚያ ማዕድ መራቅ ከጎረቤትና ከወዳጅ መለየት ነበር። በሮማውያን ዘመን ወደ ግብዣ ለመግባት ምልክት ይሰጥ ስለ ነበር፥ ነጩን ድንጋይ እንደ መግቢያ ምልክት የተረጎሙ መምህራን አሉ። ከመናው ጋር አብሮ መሰጠቱ ለዚህ ይስማማል። መናውም ነጭ ነበርና (ዘጸ. 16፥31)። ስለዚህ ጌታ እንጀራውን በድንጋይ አልለወጠም፤ ሁለቱንም ሰጠ እንጂ። የከተማውን ማዕድ ስለ እምነቱ የተወ ሰው ወደ ሰማያዊው ማዕድ ይጠራል።

ሐ. የስም ድንጋይ

አሮን በትከሻው ላይ በሚያደርጋቸው ሁለት የከበሩ ድንጋዮች የ12ቱ ነገድ ስሞች፥ በእያንዳንዱ 6 ስም፥ ተቀርጸው ነበር (ዘጸ. 28፥9-12)። ካህኑ ወደ እግዚአብሔር ፊት ሲገባ ሕዝቡን በስማቸው ተሸክሞ ይገባ ነበር ማለት ነው። እግዚአብሔር አብራምን አብርሃም፥ ያዕቆብን እስራኤል፥ ስምዖንን ጴጥሮስ ባላቸው ጊዜ ከስሙ ጋር አዲስ ሕይወት ሰጥቷቸዋል።

እኛም ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ስንጠመቅ የክርስትና ስም ተቀብለናል። ይህ ስም በራእይ የተነገረው አዲስ ስም አይደለም፤ ወደዚያ የሚያመለክት ነው እንጂ። በስደት አገር ስማችን በሰነድ ላይ ተዛብቶ ይጻፋል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ በሥራ ቦታም ለአፍ እንዲቀል ያሳጥሩታል። ይህን መታገሥ ይቻላል። የሚያሳዝነው ግን ልጆቻችን የክርስትና ስማቸውን ሳያውቁ ማደጋቸው ነው። ካህኑ ሥጋ ወደሙን ሲያቀብል፥ ለሙታንም ሲጸልይ የሚጠራው ያን ስም ነውና።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ የክርስትና ስማቸውን ከነትርጉሙ ንገሯቸው፤ በቤታችሁም ጽፋችሁ አኑሩላቸው። ሁላችንም ደግሞ ነጩ ድንጋይ የተዘጋጀው ድል ለሚነሣ መሆኑን አንዘንጋ። በሰው አገር ሸንጎ ሰሚ ያጣ ሁሉ ስሙን የሚያውቅ ዳኛ አለውና፥ በንስሐ ተዘጋጅተን፥ በእምነት ጸንተን እንጠብቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።