«ራይም» ቤት መምታት ነውን? በወረታ ከማስተማር ልምድ የተነሣ ምልከታ

የእንግሊዝኛ የሥነ ግጥም ስልቶች ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በአብዛኛው እንግዳ አይደሉም። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነትና ምፀት በሁለቱም ቋንቋዎች በተቀራራቢ መንገድ ስለሚሠሩ የአማርኛ ስያሜያቸውን መስጠት ብቻ ይበቃል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ትኩረት አቻ መስለው አቻ ባልሆኑ ሁለት ጥንዶች ላይ ነው፤ እነርሱም ራይምና ቤት መምታት፣ ፐንና ኅብረ ቃል ናቸው።

ጉዳዩን እንድመረምር ያደረገኝ በወረታ እንግሊዝኛ ሳስተምር ያረምሁት የፈተና ወረቀት ነው። ራይም የሚፈጥሩ ቃላትን አዛምዱ ለሚለው ጥያቄ ተማሪው ዝናብ የሚል ፍች ያለውን «ሬይን» አረንጓዴ ከሚለው «ግሪን» ጋር አጣመረ፤ «ትሪ» (ዛፍ) እና «ሲ» (ባሕር) ግን ያለ ጥንድ ቀሩ። መልሱን በቀይ ሰረዝሁት። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ግን «ራይም ማለት ቤት መምታት ነው» ብዬ በሰሌዳ ላይ የጻፍሁት እኔው ነበርሁ።

በአማርኛ ስንኞች ቤት መቱ የሚባለው የመጨረሻ ፊደላቸው ሲገጥም ነው፤ «ላ» ከ«ላ»፣ «ን» ከ«ን»። አናባቢው ብቻ ቢመሳሰል፣ ለምሳሌ «ላ» ከ«ራ» ጋር ቢመጣ፣ ጆሮ ቤቱን አፈረሰ ይላል። የእንግሊዝኛ ሕግ ከዚህ ይለያል። መመሳሰል የሚጀምረው አጽንዖት ካረፈበት የመጨረሻ አናባቢ ነው፤ ከአናባቢው በፊት ያለው ተነባቢ እንዲያውም መለየት አለበት። ስለዚህ «ትሪ» እና «ሲ» የተሟላ ራይም ናቸው፤ «ሬይን» እና «ግሪን» ግን የሚጋሩት መድረሻ ተነባቢያቸውን ብቻ ነው። ማየት የሚለው «ሲ» እና ባሕር የሚለው «ሲ» ቢገናኙ ደግሞ፣ ድምፃቸው ፍጹም አንድ ስለሆነ ብቻ፣ እንግሊዝኛ እንደ ሙሉ ራይም አይቆጥራቸውም። ተማሪው በሁለቱም መልሶቹ ያስተማርሁትን ሕግ ሳያዛንፍ ተከትሎ ነበር።

ሁለተኛው ጥንድ የሚለያየው ከአሠራሩ ይልቅ በሚሰጠው ክብር ነው። ሼክስፒር በሮሚዮና ጁሊየት ውስጥ ለሞት የቆሰለውን መርኩሺዮ፣ ኮስታራም መቃብርም በሚል ፍች በሚያገለግለው «ግሬቭ» በሚለው ቃል ያስቀልደዋል። ሳሙኤል ጆንሰን ግን በ1765 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መቅድም ይህን የቃል ጨዋታ ከደራሲው ዋና ድክመቶች እንደ አንዱ ቆጥሮታል። በጎንደርና በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኅብር ከሰምና ወርቅና ከውስጠ ወይራ ጋር የባለቅኔው ችሎታ መለኪያ ነው። ፐንን «ኅብረ ቃል» ብለን ስናስተምር ይህን የክብር ልዩነት ካልተናገርን፣ ተማሪው በእንግሊዝኛው ቀልድ ውስጥ የሌለ ወርቅ ሲፈልግ ይውላል።

ለማሳያ ያህል ራሴ የገጠምሁትን የወል ቤት ላቅርብ። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ተንጣሎ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሙላት የሚያጥለቀልቀው የሩዝ አገር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ጉማራ ገንፍሎ ማሳዬን ቢበላ፣
ዘር አጥቶ የቀረ ማን ነው ከኔ ሌላ።

ኅብረ ቃሉ «ዘር» ነው። ሰሙ ጎርፍ የወሰደበት ገበሬ የሚዘራው እህል ማጣቱ ሲሆን ወርቁ ልጅ ሳይወልድ መቅረቱ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ «ሲድ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ፍች ይይዛል፤ በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ለትውልድም ያገለግላል። የዛሬ አንባቢ ግን የሚሰማው በቅድሚያ እህሉን ነው፤ ሁለተኛው ፍች የሚደርሰው በግርጌ ማስታወሻ ይሆናል። የ«ላ» ቤትም አብሮ ይፈርሳል። በክፍል ውስጥ ስንኞቹን የማስተረጉመው ለዚሁ ነው፤ ተማሪዎች የትኛውን ትተው የትኛውን እንዳቆዩ በጽሑፍ እንዲያስረዱ አደርጋለሁ፤ ነጥብ የምሰጠውም ለማብራሪያቸው ነው።