ዲግሪን በር ላይ አስቀሩት፦ ሳይንና ኮሳይን በፓይተን

የፓይተን ‹ማት› ሞጁል ሳይንን፣ ኮሳይንንና ታንጀንትን አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሞጁሉን መጥራት የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ቀመሩን ከመጽሐፍ መገልበጥም አያስቸግርም። ሰው የሚሰናከለው ማዕዘኑ ወደ ፈንክሽኑ ሲገባ ነው። ፈንክሽኖቹ የሚቀበሉት ራዲያን ነው፤ ትምህርት ቤት የለመድነውና የስልካችን ካርታ የሚያሳየው ግን ዲግሪ ነው። የ30 ዲግሪ ሳይን 0.5 መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለፈንክሽኑ 30 ብላችሁ ብትሰጡት ግን -0.988 ይመልስላችኋል። የስህተት መልእክት አይወጣም፣ ፕሮግራሙም አይቆምም፤ 30 ራዲያንም ራሱን የቻለ ማዕዘን ስለሆነ ፈንክሽኑ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ደንብ ያዙ፦ ዲግሪ እንደገባ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ወደ ራዲያን ይለወጥ፤ ተመልሶ ዲግሪ የሚሆነው ሰው ሊያነበው ሲወጣ ብቻ ነው።

የአዲስ አበባንና የባሕር ዳርን የአየር ርቀት እናስላ። አዲስ አበባ በ9.03 ሰሜን ኬክሮስና በ38.74 ምሥራቅ ኬንትሮስ፣ ባሕር ዳር ደግሞ በ11.59 እና በ37.39 ላይ ትገኛለች። አንደኛ፣ አራቱንም ቁጥሮች ‹ራዲያንስ› በተባለው ፈንክሽን አሳልፉ። ሁለተኛ፣ የኬክሮሶቹንና የኬንትሮሶቹን ልዩነት ውሰዱ። ሦስተኛ፣ የየልዩነቱን ግማሽ ሳይን በራሱ አባዙ፤ የኬንትሮሱን ውጤት በሁለቱ ኬክሮሶች ኮሳይን አባዝታችሁ ከኬክሮሱ ጋር ደምሩት። አራተኛ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት አርክ ሳይን በ2 እና በመሬት ራዲየስ፣ በ6371፣ አባዙ። 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል።

አሁን የመጀመሪያውን እርምጃ ዝለሉትና ተመልከቱ፦ ያው ቀመር 12,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣችኋል። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ይስቃል። ነገር ግን በመሬት ላይ ሁለት ቦታዎች ሊራራቁ የሚችሉት እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ስለሆነ፣ የማያውቃቸውን ከተሞች የሚያሰላ ሰው ቁጥሩን ያለ ጥርጣሬ ሊቀበለው ይችላል። ተቃራኒው ጥፋትም አለ። አንዱ ፈንክሽን የለወጠውን ሌላው ደግሞ ከለወጠው ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው መለወጫው ቦታ አንድ ብቻ ይሁን የምለው። እኔ የምመርጠው ደግሞ አሃዱን በቫሪያብሉ ስም ላይ መጻፍ ነው፤ ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በቫሪያብል ስም ስለሚቀበል ‹ኬክሮስ_ዲግ› እና ‹ኬክሮስ_ራድ› ብላችሁ ልትለዩ ትችላላችሁ። ‹ዲግ› የሚል ስም ሳይን ውስጥ ገብቶ ካያችሁ፣ ኮዱን ሳታስኬዱ ስህተቱን አገኛችሁት ማለት ነው።

«ከዚህ ሁሉ ዲግሪ የሚቀበል የራሴን ሳይን ብጽፍስ?» የሚል አይጠፋም። ለአጭር ሥራ ያዋጣል፤ ፕሮግራሙ ሲሰፋ ግን አርክ ሳይንም አርክ ታንጀንትም የሚመልሱት ራዲያን ነው፣ ከሌላ ሰው የምትወስዱት ኮድም በራዲያን የተጻፈ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ አሃዶች አንድ ፕሮግራም ውስጥ ይቀላቀላሉ። የራዲያን ምርጫም እንዲሁ የመጣ አይደለም። የትንሽ ማዕዘን ሳይን ከማዕዘኑ ከራሱ ጋር እኩል ሊሆን የሚቃረበው፣ የሳይን ዴሪቬቲቭም ያለ ተጨማሪ ማባዣ ኮሳይን የሚሆነው በራዲያን ብቻ ነው። «ስሞክረው ይታወቃል» የሚለውም መልስ ሙከራው ምን እንደሆነ ካልተነገረ ዋጋ የለውም፤ ብዙ ሰው የሚሞክረው በ0 ነው፣ የ0 ሳይን ደግሞ በዲግሪም በራዲያንም 0 ነው።

አቅጣጫ ስትፈልጉ አርክ ታንጀንት የሚያሰላውን ‹ኤታን›ን ትታችሁ ‹ኤታን2›ን ተጠቀሙ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የምሥራቁ ክፍል ኔጌቲቭ፣ የሰሜኑ ፖዘቲቭ ነው፤ ሲካፈሉ -0.52 ገደማ ይሆናሉ። በመልሱ ጉዞ ሁለቱም ምልክታቸውን ይቀይራሉ፣ ክፍፍሉ ግን ያው -0.52 ስለሆነ ‹ኤታን› ለመሄጃውም ለመመለሻውም አንድ መልስ ይሰጣል። ‹ኤታን2› ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ስለሚቀበል አይሳሳትም። ለኮምፓስ አቅጣጫ ምሥራቁን አስቀድሙ፣ ሰሜኑን አስከትሉ፤ የሚመጣው ወደ ዲግሪ ሲለወጥ -27 ገደማ ስለሆነ 360 ጨምሩበት፣ 333 ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ውጤትን በእኩል ምልክት አታወዳድሩ። ፓይ በኮምፒውተር ውስጥ ተቆርጦ ስለሚቀመጥ የፓይ ሳይን ድፍን 0 አይወጣም፤ ከነጥብ በኋላ 15 ዜሮ ቆጥሮ የሚጀምር ትንሽ ቁጥር ነው። ‹ኢዝክሎዝ› የተባለው ፈንክሽን የተዘጋጀው ለዚህ ነው፤ ከ0 ጋር ስታወዳድሩ ግን ‹አብስ_ቶል› የሚባለውን ልክ ራሳችሁ ስጡት፤ ካልሰጣችሁት ልዩነቱን ከቁጥሮቹ መጠን ጋር ስለሚያመዛዝን «እኩል አይደሉም» ይላችኋል። እንግዲህ ኮዱን ለሌላ ሰው ከማስረከባችሁ በፊት ሁለት ሙከራ አኑሩበት፦ የ30 ዲግሪ ሳይን ወደ 0.5 ይቅረብ፤ ርቀታቸውን የምታውቋቸው ሁለት ከተሞችም የምታውቁትን ርቀት ይስጡ። አንዱ እንኳ ቢስት ቀመሩን ከመበርበራችሁ በፊት መለወጫውን እዩ፤ አንድም ተዘሏል፣ አንድም ሁለት ጊዜ ተሠርቷል።